ሳይጮህ የቀረው ሳይረን

ደባርቅ ውስጥ የተበላሸ ነገር በእጁ የገባ ሰው ወደ ያርጋል ይሄዳል። ሱቁ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ከእህል ተራው ጀርባ ናት። ዝናብ ቆርቆሮዋን ሲመታው ደንበኛና ባለሙያ በምልክት ይነጋገራሉ። ያርጋል የዳባት ልጅ ነው። ትምህርቱን አሥረኛ ክፍል ላይ አቋርጦ ጎንደር አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ገባና ሙያውን ከዚያ ቀሰመ። መጀመሪያ ሬዲዮ ይጠግን ነበር፤ ቀጥሎ ቴፕ፣ ከዚያ ሞባይል፣ አሁን ደግሞ የፀሐይ መብራትና የሠርግ ሞንታርቦ። ሰዉ «ያርጋል ከነካው ይሠራል» ይለዋል። እሱም ቀና ሳይል ፈገግ ይልና ሥራውን ይቀጥላል። ሚስቱ ፋንታዬ ግን ያ ቃል ለባሏ ከምሳ እንደሚበልጥ ታውቃለች።

ከደባርቅ ወደ ቡይት ራስ በሚያወጣው መንገድ፣ ዳገቱ ወገብ ላይ፣ የበግ አርቢዎች ማኅበር ጉረኖ አለ። ጅብ በየዓመቱ ከዚያ ጉረኖ ድርሻውን ይወስዳል። የማኅበሩ ሊቀ መንበር መንግስቴ ውሻም፣ እሾህ አጥርም፣ ሁሉንም ሞክሮ ሰልችቶት ሳለ፣ ሲሲ የሚባለው የፊዚክስ መምህር አንድ ሐሳብ ይዞ መጣ። ሲሲ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል፤ ያርጋልም ወዳጁ ነው። ለላብራቶሪው የሚያስፈልገውን ሽቦና ሳጥን የሚሠራለት ያርጋል ነበርና፣ ጅብ ሲቀርብ የሚጮኸውን ማሽንም አብረው ሠሩት።

ሲሲ የማሽኑን ልብ መጀመሪያ ያሳየው ሱቁ ውስጥ ነው። ከምስር ፍሬ ብዙም የማትበልጥ የምታብረቀርቅ ቁራጭ ነበረች።

«ላይዋ የተቀባውን አየኸው?» አለው።

«ምንም አላየሁም።»

«አይታይማ። ከሽንኩርት ልጣጭ እጅግ የሳሳ ሽፋን ነው። እርሳስ፣ ዚርኮኒየምና ቲታኒየም ከኦክስጅን ጋር የተዋሐዱበት። አዲስ አበባ ስማር ራሴ ጠብታውን በሚሽከረከር ሳህን ላይ እየበተንሁ፣ እቶን ውስጥ እየከተትሁ የሠራሁት ነው። ውስጡ ያለውን ቻርጅ በኤሌክትሪክ ገፍቼ ወደ አንድ ወገን አሰልፌዋለሁ። ኤሌክትሪኩን ባነሳውም እንደተሰለፈ ይቀራል። ፌሮኤሌክትሪክ የምንለው ይህን ጠባይ ነው።»

«ታዲያ ጅቡን በምን ያውቀዋል?»

«ጅብ መሆኑንማ አያውቅም፤ የገላውን ሙቀት ነው የሚያውቀው። ሞቃት ገላ ከፊቱ ሲያልፍ ሽፋኑ ቅንጣት ታህል ይሞቃል፣ ሰልፉም ትንሽ ይናጋል። በዚያች መናጋት የምትወጣውን ኢምንት ኤሌክትሪክ አጉልተን ሳይረኑን እናስጮህባታለን።» ከዚያ ሲሲ ጣቱን ቀሰረ። «አንድ ነገር ብቻ አደራ። ከልክ በላይ ከጋለ ሰልፉ ይፈርሳል። ሽፋኑ አይሰበርም፣ አይጠቁርም፣ በዓይን ሲያዩት ደህና ነው፤ ግን ባዶ ነው። ስትበይድ ካውያህን የሽቦ እግሯ ላይ ነካ አድርገህ ቶሎ አንሳ።»

ያርጋል ሰማ፤ ገባውም። የመጀመሪያውን ሲበይድ እስትንፋሱን ውጦ ነበር።

ማሽኑ ክረምቱን ሙሉ ሠራ። የጉረኖው ጠባቂ አያ ገዱ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። መጀመሪያ «ጅብ ቆርቆሮ ፈርቶ ያውቃል?» እያሉ ሲያፌዙበት ቆዩ። በኋላ ግን ሳይረኑ ሲጮህ ጅብ ገደሉን ሲወርድ በጆሯቸው ሲሰሙ ጊዜ «የማይተኛው ዲያቆን» አሉት። ቀድሞ ውርጩ ላይ ጋቢ ተከናንበው ቁጭ ብለው ያነጉ የነበሩት ሰው፣ አሁን ጎጇቸው ውስጥ ጎናቸውን ማሳረፍ ቻሉ። ሲሲም ከቀሩት ቁራጮች ሌሎች ማሽኖች ሠርቶ ለዳባትና ለአምባ ጊዮርጊስ ጉረኖዎች ሰጠ።

ጥር ላይ አንድ ሙክት ምሰሶውን በቀንዱ ወጋና ሳጥኑ ወደቀ፤ ሙቀት የምታውቀው የዚያች ቁራጭ፣ የሴንሰሯ፣ አንድ እግርም ተነቀለ። አያ ገዱ ማሽኑን በጋቢያቸው ጠቅልለው፣ የገበያ ዕለት፣ በእግራቸው ወርደው ያርጋል ሱቅ ደረሱ።

ወሩ የሠርግ ነው። ሱቁ በር ላይ ሁለት ሞንታርቦ ተጋድሟል፣ የሙሽራው ሚዜ ቆሞ «ሙሽራው መንገድ ላይ ነው እኮ!» እያለ ይጮሃል። ያርጋል የአያ ገዱን ማሽን ተቀብሎ ፈጥኖ ሊገላግላቸው ፈለገ። የተነቀለችው እግር ዝጋለች፤ የብየዳው እርሳስ አልይዝ አለ። ዝገቱን ፍቆ፣ አጽድቶ እንደገና መጀመር ነበረበት፤ ያንን ለማድረግ ግን ጊዜ የለውም። ካውያውን እግሯ ላይ ጫነው። አልያዘም። ጫን አድርጎ ቆየ። ሚዜው ጮኸበት፤ ያርጋል እጁን ሳያነሳ ዞሮ መለሰለት፤ ፊቱን ሲመልስ እርሳሱ ፈስሶ ይዟል። ሴንሰሯን በጣቱ ቢነካት ፈጀችው።

ያን ጊዜ የሲሲ ቃል ትዝ አለው።

መዳፉን ከሴንሰሯ ፊት አወዛወዘ። ዝም። አስጠግቶ አወዛወዘ። ዝም። መዳፉ ሊነካት ሲል ሳይረኑ ጮኸ። ድሮ በሩ ላይ ሰው ብቅ ሲል የሚጮህ ማሽን ነበር። ያርጋል «ባትሪው ደክሞ ይሆናል» ብሎ ለራሱ ተናገረ፤ ባትሪውን ግን አልለካውም። ቢለካው ደህና መሆኑን ያይ ነበር፤ ያን ማየት አልፈለገም። ለሲሲ መደወልም ይችል ነበር። «አቃጠልሁብህ» ለማለት ምላሱ አልታዘዝ አለው።

«እንደ በፊቱ ነው፣ ልጄ?» አሉ አያ ገዱ።

«እንደ በፊቱ ነው፣ አባቴ።»

«እጅህን ይባርከው። ቁርጥማት አይንካው።»

መርቀውት በጋቢያቸው ጠቅልለው ዳገቱን ያዙ። ያርጋል ወደ ሞንታርቦው ዞረ። ከሰዓት በኋላ ለሲሲ እንደሚደውል ለራሱ ቃል ገባ፤ ከሰዓት በኋላ ሌላ ሥራ መጣ።

ወሬውን ያመጣችው ታንጉት ናት፤ ገብስ ነጋዴና የማኅበሩ አባል። ስልኳን ልታስጠግን ገብታ ወንበር ላይ ዘጭ አለችና እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። ጅቦቹ አጥሩን ገምሰው ገብተው ኖሯል። የበሉት ጥቂት፣ የገደሉት ብዙ። የእርጉዝ በጎች ሆድ ተዘርግፎ፣ የቀሩት ማእዘን ላይ ተደራርበው ታፍነው ነው የተገኙት። የእሷም ከነግልገሎቻቸው አልቀዋል።

«ሳይረኑስ?» አለ ያርጋል። ድምፁ ለራሱም የሌላ ሰው መሰለው።

«አልጮኸም ይላሉ ሽማግሌው። አልጮኸም! አንተ የሠራኸው ማሽን አልጮኸም! ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ዝክር ነበር፣ ጠላ ሲጠጡ ታይተዋል። ጠጥተው ተኝተው ነው እንጂ።»

ያርጋል ስልኳን ተቀብሎ ከፈተው። ምን እንደሚፈልግበት ግን ጠፋው።

ማኅበሩ ጉረኖው አጠገብ ካለው የኮሶ ዛፍ ሥር ተሰበሰበ፤ ያርጋልንም ጠሩት። የበጎቹ ሬሳ ተነሥቷል፤ መሬቱ ግን ገና ይሸታል። አያ ገዱ ቆመዋል፤ ተቀመጡ ያላቸው አልነበረም።

መንግስቴ ጠየቀ፤ «ያርጋል፣ ማሽኑን ሠርተህ ሰጥተሃቸው ነበር?»

«ሰጥቻለሁ።»

«ይሠራ ነበር?»

አያ ገዱ ያርጋልን አዩት። ፊታቸው ላይ ተስፋ ነበር። ይህ ልጅ እጁን የመረቅሁት ነው፣ እውነቱን ያወጣልኛል፣ የሚል አስተያየት ነበር።

«ስሰጣቸው ይጮህ ነበር» አለ ያርጋል።

ሰዉ አጉረመረመ። መንግስቴ ወደ ሽማግሌው ዞረ። «እንግዲህ ሰምተዋል። አያ ገዱ፣ ዝክሩ ላይ ጠጥተው ነበር ወይ?»

«ሁለት ዋንጫ። አልክድም። ግን አልሰከርሁም፣ ማሽኑም አልጮኸም።»

«ጮኾ አልሰሙት ይሆናላ!» አለ ከኋላ አንድ ሰው፤ አንዳንዱም ሳቀ።

አያ ገዱ የጎጇቸውን መክፈቻ ከወገባቸው ፈትተው መሬት ላይ አኖሩና ሄዱ። ያርጋል ጀርባቸውን አየ። ተራምዶ ቢደርስባቸው፣ «ቆይ፣ እኔ ነኝ» ቢል፣ ሁሉም ነገር እዚያው ያልቅ ነበር። እግሩ አልተነቀለም።

ከዚያ ወዲህ ያርጋል ያርጋል አልሆነም። የደንበኛ ምርቃት ሲሰማ «ተዉት፣ ተዉት» ይላል። ፋንታዬ «አሞሃል?» ስትለው «ብርዱ ነው» ይላታል፤ ሲሜን ለሁሉ ነገር የሚሆን ብርድ አያጣምና። የታንጉትን ስልክ ያለ ዋጋ ሠራላት፤ እሷ «እግዜር ይስጥህ፣ የሰው ልጅ እንዳንተ ነው» ስትለው ወደ ጓሮ ወጥቶ እስክትሄድ ቆየ።

ዐቢይ ጾም እንደገባ ሲሲ ወደ ሱቁ መጣ። ማሽኑን ከማኅበሩ ተቀብሎ ላብራቶሪ ወስዶ መርምሮት ነበር። ዓይኑ ቀልቷል፤ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ሽፋኑ ደህና ነው» አለ። «ቮልቴጅ ብሰጠው ይሰለፋል፣ ቮልቴጁን ብገለብጠው ይገለበጣል፣ መሰለፉንና መገልበጡን የሚያሳየው ኩርባ ስክሪኑ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ግን ወደ እኔ ሲመጣ ሰልፉ ፈርሶ ነበር። ይህን የሚያደርግ ሙቀት ነው። ውርጭ በሚወርድበት አገር ከየት የመጣ ሙቀት? ሳስበው ሳስበው፣ ውሕዱን ስሠራ ልኩን አሳስቼዋለሁ። በትንሽ ሙቀት፣ ምናልባት በቀትር ፀሐይ፣ የሚፈርስ ሽፋን ነው የሠራሁት።»

ያርጋል ካቻቢቴውን እያገላበጠ ያይ ነበር።

«የዳባቱንና የአምባ ጊዮርጊሱን ነገ አወርዳለሁ» አለ ሲሲ። «ሰው በእኔ ሥራ ተማምኖ እንዲተኛ አልፈልግም። ያርጋል፣ እኔ እኮ አገሬን እረዳለሁ ብዬ ነበር።»

«እስቲ ቆይ… አትቸኩል» አለ ያርጋል።

«ምነው፣ የምታውቀው ነገር አለ?»

«የለም። የለም፣ ዝም ብዬ ነው።»

ሲሲ ትከሻውን መታ አድርጎት ወጣ። ያርጋል የሱቁን በር ከውስጥ ዘጋና መሬት ላይ ተቀመጠ። አንድ ሽማግሌ አዋረደ፤ አሁን ደግሞ ወዳጁ ባልሠራው ጥፋት ራሱን ሲበላ እያየ «የለም» አለ። በማግስቱ ሲሲ ማሽኖቹን አወረደ። በዚያው ሳምንት አምባ ጊዮርጊስ ላይ ጅብ ገባ የሚል ወሬ በሚኒባስ ደረሰ።

ያርጋል ወደ ንስሐ አባቱ፣ ወደ አባ መልከ ጼዴቅ ሄደ። ሁሉንም ከነዝገቱ፣ ከነሚዜው ጩኸት ተናገረ። አባ መስቀላቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ሰሙት። ሲጨርስ ቀኖናውን እንዲነግሩት አንገቱን ደፍቶ ጠበቀ።

«ጨረስህ?»

«አዎን፣ አባ።»

«እንግዲህ ለእኔ ነግረኸኛል። ስሜ አልጠፋ፣ ከሥራዬ አልተባረርሁ። የተበደለው ሰው ድብ ባሕር ልጁ ዘንድ ነው ይባላል። ከእሱ ሳትታረቅ እኔ ምን ብዬ ልፍታህ?»

በማግስቱ ያርጋል ድብ ባሕር ወረደ። የአያ ገዱ ልጅ ዓለምዬ ትንሽ ሻይ ቤት አላት፤ አባቷ ከጓሮዋ ባለች ክፍል ይኖራሉ። ያርጋል ከመንገድ ዳር ድንጋይ አንሥቶ ትከሻው ላይ አደረገና በአገሩ ወግ እንደ በዳይ ጎንበስ ብሎ ገባ። አያ ገዱ መደብ ላይ ተቀምጠው ነበር። ከስተዋል።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ።

«አያ ገዱ፣ በድዬዎታለሁ፣ ይቅር…»

«ድንጋዩን ተወው። አፍህን ክፈት።»

ድንጋዩን አስቀምጦ ተናገረ። ካውያውን እንዳቆየው፣ ሴንሰሯ እንደፈጀችው፣ መዳፉ ካልተጠጋ እንደማትጮህ እያወቀ «እንደ በፊቱ ነው» እንዳላቸው፣ ኮሶው ሥርም ሆን ብሎ እውነቱን እንዳጎደለ።

«አልጮኸም ነበር ማለት ነው?» አሉ አያ ገዱ ቀስ ብለው።

«አልጮኸም። ሊጮህ አይችልም ነበር።»

«እኔ ጆሮዬ ነው ብዬ ነበር።» ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። «ሰው ሁሉ ጮኋል ካለ፣ አንተም ይጮህ ነበር ካልህ፣ እንግዲያስ እኔ ደንቁሬያለሁ፣ ወይም እንደ በድን ተኝቻለሁ ብዬ ነበር። ይህችን ልጅ ከጀርባዬ ቆመሽ በቀስታ ጥሪኝ እላታለሁ። እሰማታለሁ። ግን እሷ አዝናልኝ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ይሆናል እላለሁ። ለንስሐ አባቴም ተኝቼ የሰው በግ አስበላሁ ብዬ ተናግሬያለሁ። ቀኖና ሰጥተውኛል፤ በዚህ ጉልበቴ እሰግዳለሁ።»

ያርጋል ይህን አልጠበቀም ነበር። ከሥራቸው ያስወጣቸውና ስማቸውን ያጎደፈ ብቻ ይመስለው ነበር እንጂ፣ ሽማግሌው ባልሠሩት ኃጢአት እየሰገዱ የገዛ ጆሯቸውን መጠራጠራቸውን አላሰበውም። መደቡ ሥር ተንበርክኮ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

«ያንን ስግደት እኔ ልስገድልዎ» አለ።

«የሰገድሁትን ማን ይመልስልኛል?» አሉ አያ ገዱ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም፤ የእውነት እየጠየቁት ነበር።

ዓለምዬ በሩ ላይ ቆማ ሁሉን ሰምታ ነበር። ሻይ ይዛ መጥታ ለአባቷ ብቻ ሰጠች።

«አሁን ሂድ» አሉት ሽማግሌው። «እሑድ እመጣለሁ። ለእኔ የነገርኸኝን ለእነሱ ትነግራቸዋለህ። ይቅርታውን ከዚያ በኋላ እናየዋለን።»

ደባርቅ እንደተመለሰ ያርጋል ከመናኸሪያው በቀጥታ ሲሲ ዘንድ ሄደ። ሁሉንም ነገረው።

«ውሕዴ ላይ ጥፋት ስፈልግ ነው የከረምሁት» አለ ሲሲ። «እኔ ፊትህ ተቀምጬ ራሴን ስረግም ዝም አልኸኝ።»

«አዎን።»

«ለምን አቃጠልኸው አልልህም፤ ማንም ያቃጥላል። ብትደውልልኝ ግን በማግስቱ መልሼ አሰልፌው እሰጥህ ነበር። የአንድ ከሰዓት ሥራ ነበር እኮ፣ ያርጋል!»

የአንድ ከሰዓት ሥራ የምትለው ቃል ያርጋልን ከስድብ ሁሉ ይበልጥ አቆሰለችው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበርተኛው ኮሶው ሥር ቆመ። ያርጋል ተናገረ። ታንጉት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ሲጨርስ መንግስቴ ተነሥቶ ወደ አያ ገዱ ሄደና ጉልበታቸውን ያዘ። ያን ዕለት «ጮኾ አልሰሙት ይሆናላ» ያለው ሰውም ከኋላ መጥቶ ያዘ። አያ ገዱ ሁሉንም አነሡ፤ እግራቸው ሥር የወደቀውን ያርጋልንም አነሡ። ሲያነሡት ግን እንደ ሌሎቹ ትከሻ ለትከሻ አልሳሙትም። የሞቱትን በጎች ነገር ሽማግሌዎች ያዙት፤ ያርጋልና ፋንታዬ ዳባት ካለው የአባቱ መንጋ ወላድ በጎች እያመጡ ለተጎዱት መለሱ። ሁሉንም መመለስ አልቻሉም።

ሲሲና ያርጋል ያቺኑ ሽፋን መልሰው አሰለፏት። ሲሲ ቁራጯን ማሞቂያ ላይ አድርጎ፣ ቮልቴጁን ሳያነሣ ቀስ እያለ እንድትበርድ አደረገ። ያርጋል አጠገቡ ቆሞ ያይ ነበር። ከሥራ በቀር ሌላ ነገር አልተነጋገሩም። የዳባቱና የአምባ ጊዮርጊሱ ማሽኖችም ተመልሰው ተሰቀሉ። የሴንሰሯን እግር እንደገና ሲበይድ ያርጋል ሱቁን ዘግቶ፣ ዝገቱን ፍቆ አጽድቶ፣ ካውያውን ነካ አድርጎ አነሣ።

ማሽኑ ጉረኖው ላይ በተሰቀለበት ቀን አያ ገዱም መጡ። ወደ ጥበቃው ተመለሱ ሲባሉ «ጆሮዬ ደህና ነው፤ እግሬ ግን ዳገቱን ጠልቷል» አሉ። ለሥራው ወጣቱ አንዱዓለም ተተካ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ያርጋል ማሽኑን ሊፈትን ከአጥሩ ርቆ ሄደና፣ እንደ ጅብ ዝቅ እንዲል፣ ሣሩ ላይ በእጁና በጉልበቱ ተንፏቀቀ። ገና ከሩቁ ሳይረኑ ጮኸ። በጎቹ ተተራመሱ፤ ሰዉ ሳቀ፤ መንግስቴም «ይበቃል፣ ተነሥ» አለው።

«አይበቃም» አሉ አያ ገዱ፣ አጥሩ ላይ ተደግፈው። «ጅብ በአንድ በኩል ብቻ አይመጣም። በገደሉ በኩል ዙርና ና።»

ያርጋል ጉልበቱን ጠረገና በገደሉ በኩል ዞረ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ሳይረኑ ሲጮህ ራሳቸውን ነቀነቁና በበትራቸው ወደ ሌላው ማእዘን አመለከቱት።